መርማሪዋ እህቴ ተናጋሪ ስትመርጥ

እህቴ ሰው አታምንም። ቲማቲም ስትገዛ አንድ በአንድ ገልብጣ ካላየች አትከፍልም። ትኩሳት ይዞኝ ከሥራ የቀረሁ ቀን ቴርሞሜትሩን ብብቴ ሥር ራሷ ይዛ ለካችና "ይሄ ነገር ሳይበላሽ አይቀርም" አለች።

እኔ በምሠራበት የክር ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ናት፤ በሥራው ላይ ሃያ ሁለት ዓመቷ። ሐሰተኛ ዲፕሎማ ከሩቅ ይሸታታል። "በየሰበቡ ማሽን እያቆሙ ያርፋሉ" ብላ የጠረጠረቻቸውን ሰዎች ስም በየቅዳሜው በገዛ እጇ በደረጃ ጽፋ ሰሌዳ ላይ የምትለጥፈውም እሷው ናት። ሠራተኛው "መርማሪዋ" ይላታል። እኔ ግን እቴቴ ነው የምላት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ሌላ ምን ልበላት?

አምና ለፋብሪካው ዓመታዊ ዝግጅት አነቃቂ ተናጋሪ ምረጪ ተባለች። የመረጠችውን ሰውዬ ሰርተፊኬት መስኮት ላይ ወደ ብርሃን አንስታ ሳይቀር አየችው፤ እንከን የለውም። እሱም መጣና መድረክ ላይ እየዘለለ ሦስት መቶ ሰው "ምንም አያቆመኝም!" እያሰኘ ጉሮሯችንን አደረቀው። በዘጠነኛው ቀን በእኔ ፈረቃ ያለች ልጅ የተጠመጠመ ጥጥ ላውጣ ብላ እየዞረ ባለ ማሽን ውስጥ እጇን ሰደደች። ሁለት ጣቷ ሄደ።

እቴቴ ያን ሰሞን እህል በአፏ አልዞረም። "ለዚህ ያበቃኋት እኔ ነኝ! ያንን ወሬኛ ማን አመጣው? እኔ!" ትላለች። አንድ ነገር ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና መልሼ እውጠዋለሁ።

ዘንድሮ ሥራ አስኪያጁ ስለ ሥራ ደኅንነት የሚናገር ሰው ፈልጊ አላት። "ሌላ ሰው ይምረጥ" ብላ ብታንገራግር "ካንቺ የባሰ ተጠራጣሪ ከየት ላምጣ?" ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቤት ስንገባ "ዘንድሮም የሰው ልጅ ጣት ቢቆረጥ እኔ እዚያ ፋብሪካ አልገባም" አለችኝ። ስትምር አውቃታለሁ፤ የምሯን ነበር።

ሦስት ሰው ቀረበላት። የመጀመሪያው "ስለ እኔ ይመሰክራል" ብሎ ስልክ ሰጥቶ ነበር። ብትደውል፣ ምስክሩ ትንፋሽ ሳይወስድ አንቆለጳጰሰው። እሷ ግን ነገሩ ስላልጣማት "ለመሆኑ ስንት ሰዓት ተናገረ?" ብላ ጣልቃ ገባች። "ቆይ አንዴ ልጠይቀው" አለ ምስክሩ። ለካ አጠገቡ ተቀምጧል! ወይ ጉድ፣ እስክንጠግብ ሳቅን።

ሁለተኛው የተማረ፣ ስመ ጥር ሰው ነው። የተናገረባቸው መሥሪያ ቤቶች አለቆች ሁሉ "ግሩም ነው!" አሏት። "አለቃ ምን ያውቃል? ከፊት ወንበር ተቀምጦ ያጨበጭባል" አለችና ከአንዱ ፋብሪካ በር ላይ ፈረቃ ሲለወጥ ቆማ ሠራተኞቹን ጠየቀች። "ኧረ እሱ ሰውዬ፣ ቀልድ ሲያውቅበት!" ብለው የአማቱን ቀልድ አወሩላት። "ከቀልዱ ሌላስ?" እርስ በርስ ተያዩ። ሰረዘችው።

ሦስተኛው ጡረታ የወጡ የማሽን ጥገና ባለሙያ ናቸው፤ ዛሬ በየፋብሪካው እየዞሩ ያሠለጥናሉ። እሳቸው ካሠለጠኑበት ፋብሪካ በርም ላይ ቆመች። "ብዙም አይናገሩም፤ ይጠይቃሉ" አላት አንዱ። "ከሄዱ በኋላ ግን ለማሽኖቻችን መከለያ ተገጠመልን።" ይህን በጆሮዋ ሰምታ የምትመለስ መሰላችሁ? ዘበኛውን ለምና ገብታ መከለያውን ነካካችው። የአሠልጣኝነት ፈቃዳቸውንም ከሰጣቸው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዳ አጣራች። እንዲያም ሆኖ "ብዙ የማይናገር ተናጋሪ ምን ዓይነት ነው?" እያለች ነው የመረጠቻቸው።

ሽማግሌው ከዝግጅቱ አንድ ቀን ቀድመው መጥተው ፋብሪካውን ልይ አሉ። እቴቴ ዕቃ እንደሚጠፋባት ሰው አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ሆና ተከተለቻቸው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ረጅም ጊዜ ቆሙ። "እዚያ ምን አባታቸው ይፈልጋሉ?" አለችኝ። እኔ ገብቶኛል።

በማግስቱ ሙዚቃ የለ፣ መዝለል የለ። አዳራሹ ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡና "በዚህ ሳምንት ማሽን ሳያቆም እጁን ያስገባ አለ?" አሉ። ሥራ አስኪያጁ ከፊት፣ እቴቴ ከግድግዳው ሥር እጇን አጣምራ። ያቺ ልጅ አጠገቤ ናት፤ የተጎዳ እጇን ሻርፕ ሥር ሸሽጋለች። እሱን ሳይ አልቻልኩም፣ እጄን አወጣሁ።

እቴቴ ክው አለች። ከኋላዬ ሌላ እጅ ወጣ፣ ከዚያ ሌላ፤ አዳራሹ እጅ ብቻ ሆነ።

"ለምን?" አሉ ሽማግሌው ወደ እኔ እያዩ። ወደ እቴቴ ዞር አልኩ። ልጅቷ መለሰችልኝ፤ "ማሽን ብዙ ጊዜ ያቆመ ስሙ ይለጠፋል። ያን ሳምንት እኔ ሁለተኛ ነበርኩ። አንደኛ ወጥቼ እንዳልዋረድ ፈርቼ ነው።"

ማን እንደሚለጥፈው የጠየቀ የለም። የእጅ ጽሑፉን ሁሉም ያውቀዋል።

እቴቴ ወጣች። በሩ ክፍት ስለነበር ወረቀቱ ሲቀደድ ሰማን። ተመልሳ ልጅቷ ፊት ቆመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?"

"ብነግርሽ አታምኚኝማ፣ እቴቴ።"

እጄን ያዘችና፣ ሰው ሁሉ እያየን፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያገላበጠች አየች።