በፒካፕ የሚጎተት፣ መኝታ ያለው ጀልባ

ሴትየዋ የመኪና ወንበር ልባስ ሰፊ ናት። በሃያ ዓመት ውስጥ ያልሰፋችው ወንበር የለም፤ የአውቶቡስ፣ የታክሲ፣ የጥርስ ሐኪም ሳይቀር። ባሏ ደግሞ የሐይቁን ጥልቀት እየለካ የሚመዘግብ ሠራተኛ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ ትንሽ ጀልባ እንደወጣ ቀረ። ጀልባዋ በማግስቱ ባዶዋን ተገኘች። ቆቡ ውስጧ ነበር፤ ምሳውም እንደተከደነ።

ፈላጊዎቹ አሥር ቀን ፈለጉ። በአሥራ አንደኛው ቀን አለቃቸው ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ ጫማውን ጫማውን እያየ፣ "ፍለጋው አብቅቷል" አላት።

"እናንተ ጨርሳችኋል፤ እኔ ገና አልጀመርኩም" አለችና በሩን ዘጋችበት።

በሳምንቱ ከአባቷ የደረሳትን ቦታ ሸጠች። ከዚያ የባሏን ታላቅ ወንድም ጠራችው። ሹፌር ነው፤ ዝምተኛ፣ ነገር ሲከብደው ጺሙን የሚያክ።

"ጋሼ፣ ጀልባ ልገዛ ነው።"

"ጀልባ ምን ያደርግልሻል? ዓሣ አጥማጆቹ ይዘውሽ ይዞሩ የለ?"

"እነሱ ሲመሽ ይመለሳሉ። እኔ እዚያው ነው የማድረው። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ጀልባ የሚወርድበት ደግሞ ሦስት ቦታ ብቻ። አንዱን ዳር ስንጨርስ በእርስዎ ፒካፕ ጎትተን ወደሚቀጥለው እንወስደዋለን።"

ሹፌሩ ጺሙን አከከና ቁልፉን አንስቶ ወጣ።

መሸጫው ግቢ ውስጥ ጀልባዎቹ ተጎታቾቻቸው ላይ እንደተቀመጡ ተደርድረዋል። ሻጩ ጨዋታ አዋቂ ነው። መጀመሪያ የወሰዳቸው ወደ ትልቁ ነበር፤ ሁለት መኝታ ክፍል፣ ምድጃ፣ መታጠቢያ፣ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ጣሪያ።

"እዚህ ውስጥ የገባ ሰው ቤቱ አይናፍቀውም!" አለ።

ሹፌሩ ተጎታቹ ላይ የተጻፈውን ክብደት አነበበ። "ነዳጅና ውሃ ሳይሞላ ነው የተመዘነው?"

"እሱማ... አዎ።"

አያይዘው ሞከሩት። የፒካፑ ቂጥ መሬት ሊነካ ደረሰ፤ የፊት ጎማዎቹ ቀለሉ፤ መሪው እጅ ላይ ዋለለ።

"ይሄ ፒካፑን ይጎትተዋል እንጂ ፒካፑ አይጎትተውም" አለ ሹፌሩ።

"ቀስ ብለን ብንሄድስ፣ ጋሼ?"

"ቀስ ብለን ገደል እንገባለን።"

ሁለተኛው ቀላል ነበር፤ ያብረቀርቃል። እሷ ገብታ የመኝታውን ትራስ ገለበጠች፤ ከቦርሳዋ ትንሽ መቀስ አውጥታ ስፌቱን ሁለት ቦታ በጠሰችው።

"ኧረ ሴትዮ!" ብሎ ሻጩ ዘለለ።

ውስጡ ያለው ስፖንጅ ጠቁሯል። አፍንጫዋን አስጠጋች። "ልባሱ አዲስ ነው፤ ስፖንጁ ግን ውሃ ጠጥቶ ከርሟል። ይሄ ጀልባ ከታች ውሃ ያስገባል" አለች።

ሦስተኛው ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። አሮጌ፣ ሆደ ሰፊ፣ ነጭነቱ ወደ ቢጫ የሄደ፤ ሁለት አልጋና አንድ ዝቅ ያለች ክፍል። ከኋላው ከውሃው ጋር እኩል የሚሆን ሰፊ ደረጃ አለው። ፒካፑ ጎተተው፤ ሹፌሩም በራሱ ነቀነቀ። ሴትየዋ ደረጃው ላይ በሆዷ ተኛችና እጆቿን ወደ ታች ዘረጋች።

ሻጩ ሳቀ። "እሱ ለዋና ነው። ስንት ሆናችሁ ነው የምትዝናኑበት?"

"ስንሄድ ሁለት ነን" አለች እንደተኛች። "ስንመለስ ሦስት።"

ሹፌሩ ፊቱን አዞረ። ሻጩ ትንሽ ቆይቶ ገባው፤ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ቁልፍ ሊያመጣ ሄደ።

ሃያ ስድስት ቀን ዞሩ። ሹፌሩ ይነዳል፤ እሷ ከፊት ተቀምጣ ውሃው ላይ ታፈጣለች። የሚንሳፈፍ ነገር ባየች ቁጥር "ያው! ያው!" ትላለች። ሲጠጉ ግንድ ነው፤ ሲጠጉ ማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ አንዴ የሞተ ጥጃ ሆነ። ቄጠማው መሀል እየገባች በረጅም እንጨት ስትነካካ መዳፏ ተላጠ።

በመጨረሻው ዳር፣ ቀትር ላይ፣ ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

"ከዚህ በኋላ አልችልም" አለ።

"ወንድምህ አይደለም እንዴ?" ብላ ጮኸችበት። እርስዎ ማለቱ ከአፏ ጠፋ። "የሌላ ሰው ነው? ንገረኝ!"

"እኔ ነኝ ያሳደግኩት" አለ። "አንቺ እንድናገኘው ትጸልያለሽ። እኔ እንዳናገኘው ነው የምጸልየው። ይሄን ያህል ቀን ውሃ ውስጥ የቆየ ሰው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ላየው አልችልም።" ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሴትየዋ አጠገቡ ተቀምጣ እጅጌውን ያዘች። ነፋሱ ጀልባውን ወደ ዳር እስኪገፋው ድረስ ሁለቱም አልተነሱም።

አሁን ጀልባው ግቢዋ ውስጥ ቆሟል፤ ራሷ የሰፋችው ሸራ ለብሶ። ሽጪው ይሏታል፤ አትሸጠውም። ያገኘው ሰው እንዲደውል፣ ጀልባ በሚወርድባቸው በሦስቱም ቦታዎች ግድግዳ ላይ ስልክ ቁጥሯን በቀለም ጽፋለች። የማታውቀው ቁጥር ሲደውል የስፌት ማሽኑን ታቆምና ብድግ ብላ ነው የምታነሳው። ባለፈው ሰኞ የደወለው የታክሲ ወንበሩ የተቀደደበት ሰውዬ ነበር። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ስፌቱ፣ ሁሉንም እስኪጨርስ አዳመጠችው።

"ይምጡ" አለችና ተቀመጠች።