ያልፈሰሰው ኩል

ሰሞኑን ልጄ የማስካራዋን ካርቶን መስኮቱ ጋ አስጠግታ ጥቃቅኑን ጽሑፍ ስታነብ ቆየችና፣ «እማዬ፣ አክሪሌት የሚባል ነገር አለበት። የፕላስቲክ ዘመድ ነው አሉ፤ አይጎዳም?» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። በዚህ ነገር የተጎዳ ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ ያውም የተጎዳው ዓይኔ ሳይሆን ስሜ ነው።

ያገባሁት በጥር ነው። መቀሌ በጥር ሰማይዋ ጥርት ያለ ነው፤ ነፋሷ ግን አቧራ ያስቅማል። ወላጆቼ ከደሴ መጥተው መቀሌ ሓድነት ሰፈር የከተሙ ናቸው፤ ሙሽራው ከከተማዋ ወጣ ብላ ያለችው የቁሓ ልጅ ነው። እናቴ ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ጀምራ የምታስጠነቅቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ጉልበት ስትስሚ አልቅሺ። ሳታለቅስ የወጣች ልጅ የእናቷ ቤት መሯት ነበር ትባላለች። ስድቡ ለእኔ ነው።»

እንዴት ይታወቃል ብትሉ፣ የሰፈራችን ሴቶች ምስክር ነጠላ ነበር። ሙሽሪት ስታለቅስ ሚዜዋ በነጠላ ጫፍ ትጠርግላታለች፤ ኩሉ ነጠላውን ያጠቁረዋል። ሴቶቹ ያንን አይተው ይመርቃሉ።

ሚዜዬ ለተብርሃን እንዳ ኢየሱስ ካምፓስ ኬሚስትሪ ትማር ነበር። የሠርጌ ዋዜማ «ኩሉን ተይው» ብላ ከጅዳ የተላከላትን ማስካራ አወጣች። «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ይሄን ውኃ አያስለቅቀውም። ሲደርቅ በየሽፋሽፍቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ልክ ወተት ላይ እንደሚጋገር ስልባቦት።»

«ዓይኔን ቢያጠፋውስ?»

«ዋይ! እርስ በርሱ የተያያዘ ነገር ነው፣ በቆዳ አልፎ አይገባም። የማይስማማው ሰው ግን አለ፤ ያሳክከዋል፣ ያብጥበታል። ትናንት ክንድሽ ላይ የቀባሁሽ ለዚህ ነው። ምንም አልሆንሽም፤ ኣጆኺ፣ አይዞሽ!»

በማግሥቱ የአባቴን ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል ገና «ልጄ» ከማለቱ ሆዴ ባባ። ለቅሶ ብቻ አይደለም፣ ንፍጤ ሳይቀር ወረደ። ምን ዋጋ አለው፤ ፊቴን የካባው ቆብ ሸፍኖታል፣ ሲቃዬን ከበሮው ውጦታል። ለተብርሃን ጠርጋ ስትጨርስ አክስቴ እታገኝ ነጠላውን ተቀብላ ገለባበጠችው። ንጹሕ ነጭ!

«ጉድ! ጠብታ እንባ የለም!»

«እርጥብ ነው እኮ!» አለች ለተብርሃን።

«ላብ ነው» አለች አክስቴ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቁሓ ደረሰ።

በመልሱ ቀን እናቴ በር ላይ ሳመችኝ፤ አሳሳሟ ግን የእንግዳ ነበር። ዶሮውን እንዳጎረሰችኝ ፊቷን አዙራ ሄደች። ጓዳ ተከትያት ገባሁ።

«እማዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ደስ ብሎሽ ሄድሽ፤ ደስ ይበልሽ።»

ስለ ስልባቦቱ ባስረዳት ማን ሊሰማኝ? ማስካራውን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ «እስቲ ቁጭ በይ፣ ልኩልሽ» አልኳት። እያጉረመረመች ተቀመጠች። ኳልኳትና እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ከዚያ እውነቱን ነገርኳት፤ «እዚያ ቤት ጧት ስነቃ ‹እማዬ› ብዬ ነው የምጣራው። የሚመልስልኝ የለም።»

እናቴ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። መስታወት ሰጠኋት። አየች። በነጠላዋ ዓይኗን ፈትጋ ጠረገች፤ ነጠላውን አየች፤ እንደገና መስታወቱን አየች።

«እንዲህ ነው ያለቀስሽው?»

«ከዚህ ይብሳል።»

ብድግ አለች። ፊቷ በእንባ እንደራሰ፣ ነጠላዋን እንደ ባንዲራ ይዛ እንግዶቹ መሀል ገባች። «እታገኝ! ነይ እዪ! ልጄ አልቅሳለች! እንኳን አለቀሰች!» ባሌ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ደርቆ ቀረ። እናቴ ያን ቀን እየዞረች ለሁሉም አሳየች፤ ማስካራውንም አልመለሰችልኝም።

ለልጄ፣ ክንዷ ላይ ቀድማ እንድትሞክረው፣ ካሳከካት እንድትተወው፣ ማታ ሳታስለቅቀው እንዳትተኛ ነገርኳት። የዛሬ ሙሽሮች እየሳቁ ነው ከቤት የሚወጡት፤ ደግ አደረጉ። እናቴ ካረፈች ቆየች። ያኔ እንባዬን እንደ ዳኛ ስትመረምር አናዳኝ ነበር። አሁን ባለቅስም ባላለቅስም የሚቀየመኝ ሰው የለም፤ ይሄ ደግሞ እንዴት ያስለቅሳል!