ለእናቴ የሰፋኋቸው ሁለት ብርድ ልብሶች

እናቴ በዕድሜዋ ይኼን ስጪኝ ብላኝ አታውቅም። አምና ግን ጠየቀችኝ። የምትኖረው ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ ከታላቅ ወንድሜና ከሚስቱ ጋር ነው። እዚያ ውርጭ ሲወርድ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው። እሷ ደግሞ ደረቷ ደክሟል፤ ጋቢና ቡልኮ ሲደራረብባት ትንፋሽ ያጥራታል፣ ሲቀነስላት ትንቀጠቀጣለች። «ቀለል ያለ፣ ግን የሚሞቅ ነገር ብትሰፊልኝ» አለችኝ። በቃ፣ የጠየቀችኝ ይኼንኑ ነው። ልብስ ሰፊ ልጅ ላላት እናት ይኼ ምን ይበዛባታል?

እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ጥልፍ ጠላፊ ነኝ። የበዓል ቀሚስ ጥልፍ አምጡልኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ። ጉራ አይደለም። ደህና፣ ትንሽ ጉራም አለበት።

በጥጥ የሚሞላ ብርድ ልብስ ሦስት ድርብ ነው፤ ላይኛው ጨርቅ፣ መሃል የተባዘተ ጥጥ፣ ከሥር ገበር። ጣጣው ሦስቱን አንድ ላይ መስፋት ነው። በተራው የስፌት መኪና እግር ሲሰፋ የመኪናው ጥርስ የታችኛውን ይስባል፣ የላይኛው ወደ ኋላ ይቀራል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተሸብሽቦ ቁጭ ይላል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ እግር አለ። ከአዲስ አበባ ዕቃ የምታመጣልኝ ነጋዴ አንድ ቀን ይዛልኝ መጣች፤ እኔ «የሚራመደው እግር» እለዋለሁ። ራሱ ጥርስ አለው፤ የመኪናው ጥርስ ከሥር ሲስብ እሱ ከላይ እኩል እየረገጠ ይስባል። ድርቡ ሳይንሸራተት ይሄዳል። ግን ቀጥ ብሎ መሄድ እንጂ ሌላ ጨዋታ አያውቅም።

ጥልፍ ሌላ ነው። ያኔ ጥርሱን ዝቅ አደርግና ጨርቁን በሁለት እጄ ወጥሬ እኔው ነኝ የምነዳው። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ አበባ ቢሉኝ አበባ፣ መስቀል ቢሉኝ መስቀል። በሚራመደው እግር ስሰፋ አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ የሚያደንቀው ነገር የለም። በጥልፉ ግን ሱቄ በር ላይ ሰው ይቆማል።

ለእናቴ በሚራመደው እግር ጀመርኩ። መስመሩን ራቅ ራቅ አድርጌ ሦስት አራቱን አወረድኩ። ጥጡ በመስመሮቹ መሃል ጉብ ጉብ ብሎ ቀረ፤ በእጄ ስጫነው ተመልሶ ይነሳል። ይኼኔ ጎረቤቴ ገብታ አየችና «የፍራሽ ልብስ ይዘሻል እንዴ?» አለችኝ። ለቀልድ ነው ያለችው። የኔ ደም ግን ፈላ።

የእሷ ቃል ብቻም አልነበረም። ኅዳር ላይ የማርያም ማኅበር ተራ የወንድሜ ነበር። ቄሱም፣ ጎረቤቱም፣ ዘመዱም እናቴ ከተኛችበት መደብ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። «የከተማዋ ጥልፈኛ ለእናቷ ያመጣችው ይኼን ነው?» ሲሉ ታየኝ። እናቴ ታየችኝ ብል ውሸት ነው፤ የታዩኝ እንግዶቹ ናቸው።

መስመሮቹን ተረተርኳቸው። እግሩን ፈታሁ፣ ጥርሱን ዝቅ አደረግኩ። መሃሉ ላይ ትልቅ መስቀል፣ ዙሪያውን ሐረግ፣ በሐረጉ ውስጥ ቅጠል፣ ባዶ በቀረው ሁሉ ደግሞ ጥቃቅን ጠመዝማዛ። እኛ ዘንድ ጥልፍ ሲበዛ ክብር ነው፤ ባዶ ቦታ የተወች ጥልፈኛ በክሯ የሰሰተች ይመስለዋል ሰው። ጥጡ ከክሩ ሥር ተጨፍልቆ ሲጠፋ አይቻለሁ። አላየሁም አልልም። አየሁትና «ጠነከረ» አልኩ።

የማኅበሩ ዕለት እኔው ይዤው ሄጄ አለበስኳት። ያየው ሁሉ እየዳሰሰ «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ቄሱ ሳይቀሩ ተነስተው መረቁኝ። እናቴ ጠርዙን በጣቷ እየደባበሰች «ተይ ልጄ፣ ለኔ ይኼን ያህል» ትላለች። ልቤ አበጠ። ወደ ማርቆስ ስመለስ መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ ራሴ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስደውል «ሞቀሽ ወይ?» እላታለሁ። «እግዜር ይመስገን» ትለኛለች። እኔም ሞቀኝ ማለቷ ነው ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ።

ጥር ላይ ሳልነግራቸው ሄድኩ። በመጀመሪያው መኪና ነበርና ፀሐይዋ ሳትበረታ ደረስኩ። በሩን ገፍቼ ስገባ እናቴ ተኝታለች፤ የለበሰችው ግን የኔን ሥራ አይደለም። የወንድሜን ሚስት ብርድ ልብስ ነው፤ ለሠርጓ እኔው የሰጠኋት ስለሆነ አላጣውም። የኔ ጥልፍ በፌስታል ተጠቅልሎ ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። እናቴ ስታየኝ ከተኛችበት ብድግ ብላ እጇን ወደ ፌስታሉ ሰደደች።

«አሁን ነው ያነሳሁት ልጄ፤ አቧራ እንዳይነካው ብዬ» አለችኝ።

እናቴ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የወንድሜን ሚስት ወደ ጓሮ ወሰድኳት። ደግሞ እኮ መጀመሪያ የተቆጣሁት እኔ ነኝ። «እንዲህ የለፋሁበትን በፌስታል ታስቀምጡታላችሁ?» አልኳት። «እታለም፣ አትቀየሚኝ፤ አይሞቅም» አለችኝ። «እንደ ሳንቃ ነው። ሰውነታቸው ላይ አያርፍም፣ ብርዱ በጎን በጎኑ ይገባል። ‹ደክማበታለች፣ እንዳትነግሪያት› ብለው አስምለውኛል።»

«አንቺስ ምን ለብሰሽ ታድሪያለሽ?»

«እኔማ ከልጆቹ ጋር ተቃቅፈን እንተኛለን» አለች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የኔ እናት ብርድ እንዳይነካት የሰው ልጅ ስትንቀጠቀጥ ከርማለች፣ እኔ ማርቆስ ላይ በምርቃት ታብዬ።

ወደ ሱቄ ተመልሼ አዲስ ጨርቅ ቆረጥኩ፣ ጥጥ አነጠፍኩበት፣ ያንን የሚራመደውን እግር መልሼ ገጠምኩ። ቀጥ ያለ፣ ራቅ ራቅ ያለ መስመር፣ ሌላ ምንም የለው። ከምሳ በኋላ ጀምሬው ሳይመሽ አለቀ። ያቃጠለኝም ይኼ ነው። የጠየቀችኝ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር፤ እኔ ግን ለጥልፉ ሳምንታት ጨርሼ የወንድሜን ሚስት ታኅሣሥን ሙሉ አንቀጠቀጥኳት።

በማግስቱ ወስጄ አለበስኳት። ብዙም ሳይቆይ ግንባሯ ወዛ። «ይኼስ እቅፍ ያደርጋል» አለችና በቀን እንቅልፍ ወሰዳት። አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ስትነቃ «እማዬ፣ ያንን ልውሰደውና ለበርጩማ መቀመጫ ልቆራርጠው» አልኳት። ከዓይኔ እንዲርቅልኝ ፈልጌ ነው። ደነገጠች።

«ተይ፣ እሱንማ አትንኪብኝ» አለችኝ። «ስሞት ቃሬዛው ላይ ታለብሱኛላችሁ። ያን ቀን የሚያየው ሰው ይበዛል፤ እኔም አይበርደኝም።»

ለነገር ብላ አይደለም፤ ስትናገረው ፊቷ ላይ ደስታ ነበር። «እሺ እማዬ» አልኩና በፌስታሉ መልሼ ጠቀለልኩት።