ክርስትናው እስኪደርስ

ጎረቤቴ የኮሌጅ ሠራተኛ ናት። ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ እሷም አርግዛ ነበር፤ ሆዳችን እኩል ገፋ። አንድ ቀን ከፋሲሎ ሰፈር ወደ ቤት አብረን ስንመለስ፣ "የወሊድ ፈቃድ ጠየቅሽ?" አለችኝ።

"ማንን?" አልኋት።

ደነገጠች። ከዚያ ሁለታችንም መንገድ ላይ ቆመን ሳቅን። ለእሷ አራት ወር ከነደመወዟ ተፈቅዶላታል። እኔ ጣና ዳር አሳ ጠብሼ የምሸጥ ሴት ነኝ፤ አለቃዬም እኔ፣ ሠራተኛዬም እኔ። አለቃዬ ደግሞ ክፉ ናት፤ አንድ ቀን እንኳ ፈቃድ ሰጥታኝ አታውቅም።

ሳቅሁ እንጂ ፈርቼ ነበር። የመጀመሪያ ልጄን የወለድሁ ጊዜ ገና ወገቤ ሳይጠና ወደ መጥበሻዬ ተመልሻለሁ። ምን ላድርግ? ባሌ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ባጃጇ ደግሞ የሰው ናት። ቀኑን ሙሉ ከከሰሉና ከሚንጣጣው ዘይት ፊት ቆሜ ስውል ጡቴ ደረቀ። ልጄ ይስባል፣ የለም። ያለቅሳል፣ አብሬው አለቅሳለሁ። እናቴ አጥሚት ብትል፣ ተልባ ብትል፣ አልመለስ አለ። ልጁ በጣሳ ወተት አደገ፤ የመጀመሪያዋን ጣሳ አሳ የሚሸጡልኝ ሽማግሌ ነበሩ ገዝተው ያመጡልኝ። እግዜር ይመስገን ዛሬ ወይፈን አክሏል። እኔ ግን ያ ነገር ካንጀቴ አልወጣም። ሁለተኛውን ሳረግዝ፣ የአሁኑን ልጅ በጡቴ ሳላሳድግ ብቀር ሞቼ ነው ቆሜ ብዬ ማልሁ።

አሁን ማኅበር አለን። አሳ የሚያሰግሩት ወንዶችና አሳ የምንጠብሰው ሴቶች አንድ ላይ ያቋቋምነው ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ቀረሶውንም አምባዛውንም እንካፈልና እያንዳንዷ በቦታዋ ትጠብሳለች። ሰው ለሞተባት ሴት ደንብ አለን፦ ተዝካሩ እስኪወጣ ቤቷ ትቀመጣለች፣ ቦታዋን ማንም አይነካባትም፣ ድርሻዋን ሌሎቻችን በተራ እየጠበስን የሸጥነውን እንልክላታለን። ያለ በቂ ምክንያት የቀረች ግን ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል፤ ተራ የሚጠብቅ ሞልቷል። የእኔ ቦታ ደግሞ ሾላው ጥላ ሥር ናት፤ ስንቱ ዓይኑን የጣለባት ቦታ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚያው ሾላው ሥር ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበራችን ያችን ጣሳ ያመጡልኝ ሽማግሌ ናቸው፤ አባባ ነው የምንላቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ደንብ ተነካ ሲባል ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ሆዴን ደግፌ ተነሣሁ።

"አባባ፣ ወሊድም እንደ ሐዘን ይቆጠርልኝ" አልሁ።

"ወሊድ ደስታ አይደለም እንዴ? ምን ሟርት ታወሪያለሽ!" አሉ። ወንዶቹ ሳቁ።

ደሜ ፈላ። እኔ ስናደድ ድምፄ ይቀጥናል፤ ባሌ "ማዶ ደሴቱ ድረስ ይሰማል" ይላል።

"እሺ አባባ፣ ባሌ ቢሞት ስንት ቀን ይሰጡኛል?"

ባሌ ሊወስደኝ መጥቶ እዚያው ባጃጇን ተደግፎ ቆሟል። "ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ!" ብሎ አማተበ።

"አርባ ቀን" አሉ አባባ፣ ባሌን በአዘኔታ እያዩ።

"ሰው ሲጎድልብኝ አርባ ቀን፣ ሰው ስጨምርላችሁ ባዶ? እንግዲያስ ልግደለዋ!"

ጉድ ፈላ። አንዱ "ሴት ድሮም ትወልዳለች፣ ምን አዲስ ነገር መጣ?" ይላል፤ አንዷ "እስቲ አንተ ውለድና እንይህ!" ትለዋለች። ጭቅጭቁን ያበረዱት የኔታ ናቸው። የኔታ ከሐይቁ ዳር ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ናቸው፤ ስብሰባችንን በጸሎት የሚከፍቱልን እሳቸው ነበሩ። መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉና፣ "ለሐዘኑ ተዝካሩ እስኪወጣ ካላችሁ፣ ለወሊዱም ክርስትናው እስኪደርስ በሉ። ፍርድ ይህ ነው" አሉ።

አባባ አሰቡ። ከዚያ ሆዴን አዩት።

"ሹል ነው። ወንድ ነው" አሉ። "እንግዲህ አርባ ከአርባ እኩል ነው፣ ምንም አይደል። ክርስትናው እስኪደርስ ተብሎ ይያዝ!" የሁሉም እጅ ወጣ።

እኔን ግን ጤና ጣቢያ በአልትራሳውንድ ያየችኝ ነርስ ቀደም ብላ በጆሮዬ ሹክ ብላኛለች፤ ሴት ናት። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደምትነሣ የማያውቅ ሰው እዚያ ሾላ ሥር አንድም አልነበረም። ግን አባባ አንዴ "ሹል ነው" ካሉ ወዲያ ማን ይጠይቀኛል? እኔስ ምን ቆርጦኝ እናገራለሁ! ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ጨዋ ሴት መስዬ ቁጭ አልሁ። የኔታ ብቻ ገልመጥ አድርገው አዩኝ፤ ጢማቸው ነቅነቅ ያለ መሰለኝ።

"በሰው ፊት ገደልሽኝ" አለኝ ባሌ ባጃጇ ውስጥ።

"ለልጅህ ብዬ ነው።"

"እንዲያ ከሆነስ ልሙት" አለና ሳቀ።

ልጄን በሰላም ተገላገልሁ። ከሆስፒታል ስገባ የሰፈሩ ሴቶች ቤቱን ሞልተውታል። አባባም አንድ ወፍራም የቀረሶ አሳ በፌስታል አንጠልጥለው፣ ፊታቸው በርቶ፣ በሩ ላይ ቆመዋል። በእኛ ዘንድ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልል ይባላል። ሴቶቹ ጀመሩ። አንዱ ሲወጣ አባባ ፈገግ አሉ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው ወጣ። ከዚያ ቤቱ ዝም አለ።

አባባ ጆሯቸውን አቅንተው ጠበቁ። "ቀጥሉ እንጂ!" አሉ።

"አለቀ እኮ አባባ" አለቻቸው ጎረቤቴ፣ ያን የሚያህል ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ እየሳቀች። "ሴት ናት።"

"ሰማንያ!" ብለው ጮኹ፤ ፌስታሉ ከእጃቸው ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ያሉኝ ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው፣ እሱንም በግማሽ አፋቸው።

ከእኔ ቤት ወጥተው በቀጥታ የኔታ ዘንድ ሄዱ። ኋላ የኔታ ራሳቸው ሊጠይቁኝ መጥተው ሲያወጉኝ በሳቅ ልሞት ነበር። አባባ "የኔታ፣ ጉድ ሠሩን እኮ!" ይሏቸዋል። የኔታም "ሴት ልጅ መቼ ነው ክርስትና የምትነሣ?" ብለው ይጠይቃሉ። "በሰማንያ ቀኗ።" "ታዲያ ሥርዓቱን እኔ አመጣሁት? ልታሳጥረው ከሆነ ሂድና አባቶችን ለምን።" አባባ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

እና እኔ አረስሁ! እንደ ሰው፣ እንደ ወግ አረስሁ። ገንፎዬን በላሁ፣ ወገቤን ታሸሁ፣ ቀን ተኛሁ። ጓደኞቼ ከሥራ መልስ ጎራ ይሉና ድርሻዬን ያስረክቡኛል፤ ልብሳቸው የአሳና የዘይት ሽታ ይሸታል፣ የእኔ ግን ቅቤ ቅቤ ይላል። ጡቴስ? መጣ! መጣ ብቻ? ልጄን ትን እስኪላት ጎረፈ እንጂ! እሰይ አልሁ። የመጀመሪያ ልጄም አጠገቤ ቁጭ ብሎ እህቱን ሲያያት፣ ደስታውም ጸጸቱም አንድ ላይ መጣብኝና ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ጥለን ማኅበርተኛውን ሁሉ ጠራን። አባባና የኔታ ከፊት ተቀምጠዋል። ምግቡ ገና ቀርቦ ሳለ፣ ከጠባሾቹ አንዷ፣ መውለጃዋ የተቃረበ ልጅ፣ ብድግ አለች።

"አባባ፣ የእኔ ወንድ ቢሆንስ?"

"ያው አርባ ነዋ" አሉ እንጀራውን እየጠቀለሉ። ተንፈስ ያሉ ይመስላል።

"ወንድ የወለደች ቶሎ ትድናለች እንዴ?"

ሴቶቹ ማጉረምረም ጀመሩ። አባባ "ደንብ ደንብ ነው" ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ልጄ ከጓዳ ነቅታ አለቀሰች። ድምጿን ስሰማ ወተቴ ወረደ። የነጩ ቀሚሴ ደረት በሁለቱም በኩል፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ርስርስ አለ። እናቴ ልጅቷን አምጥታልኝ ታቀፍኋት። ጡቴን ስትይዝ ዋጥ ዋጥ የምታደርገው ድንኳኑ ውስጥ ተሰማ።

አባባ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። ደረቴን አዩ፣ ልጄን አዩ፣ ከዚያ ጥግ ላይ ሥጋ የሚግጠውን ታላቅ ወንድሟን አዩ። ያችን ጣሳ እኔ ብቻ አይደለሁም ያስታወስሁት።

"ሰማንያ" አሉ በቀስታ። ቀጥሎ ጮክ ብለው፣ "ለወንድም ለሴትም ሰማንያ ይሁን!"

ድንኳኑ በእልልታ ተደበላለቀ፤ ሦስትም ሰባትም ብሎ የቆጠረ የለም። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላዬን ሊያለብሱኝ ተሽቀዳደሙ። አልፈልግም አልኋቸው። እርጥብ ደረቴን ወደ ሁሉም አዙሬ ልጄን እስክትጠግብ አጠባሁ።