የጾም ኬክ ለክርስትና

እህቴ የተዳረችው ዘመሮ ከተማ ነው። ሁለተኛዋን ስትወልድ ሴት ልጅ ሆነችና የሰማንያ ቀን ክርስትናዋ ዐቢይ ጾም ውስጥ ገባ። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ሞላሌ ላይ ትንሽ ዳቦ ቤት ከፍቼ ነበር። እህቴ ደወለችና «ኬኩን የምትሠሪልኝ አንቺ ነሽ፤ የጾም ይሁን ታዲያ» አለችኝ። እንቁላል የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። እሺ ብዬ ስልኩን ስዘጋ ነው ጭንቀቱ የመጣው።

የመጀመሪያውን በዱቄት፣ በስኳር፣ በቤኪንግ ፓውደር፣ በዘይትና በውኃ ሞከርኩት። ዘይቱና ውኃው አልዋሃድ አሉ። ከምድጃ ሳወጣው ታቹ ሊጥ፣ ላዩ ፍርፋሪ ነው። ባለቤቴ ትንሽ ቀመሰና ወስዶ ለበጎቹ ሰጣቸው። እነሱ ወደዱት።

አዲስ አበባ ኬክ ያስተማረችኝ ሴት ጋ ደወልኩ። ሳቀችብኝ።

«ሌሲቲን አድርጊበት። ከአኩሪ አተር ዘይት ተለይቶ የሚወጣ ነው። ዘይትና ውኃን ያስማማልሻል። የምንበላው ቸኮሌትና ብስኩት ውስጥ ሁሉ አለ። ግን በጥቂቱ!»

ቢጫ ዱቄቱን በአውቶቡስ ላከችልኝ። እኔም እንዳይበላሽብኝ ብዬ ጠቀም አድርጌ ጨመርኩበትና ኬኩ ሙጫ ሆኖ አረፈው፤ ያልበሰለ ባቄላ ባቄላ ይላል። በሦስተኛው በሻይ ማንኪያ ጫፍ ብቻ ጨመርኩ። ሊጡ ሐር መሰለ። ተጋግሮ ሲወጣ ጣቴን ጫን ሳደርግበት መልሶ ብድግ አለ፤ ብቻዬን እልል አልኩ።

የክርስትናው ዕለት ቅዳሴ ወጥቶ ሰው እህቴ ቤት ተሰበሰበ። የእህቴ አማት በጾም ነገር ቀልድ አያውቁም፤ ሽንኩርት የተከተፈበት ቢላዋ ትናንት ምን እንደቆረጠ ይጠይቃሉ። ኬኩን አገላብጠው አይተው፣ አሽትተው፣ አንድ ጉርሻ ጎረሱ። የሕፃኗ ክርስትና እናት ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። እሷም በልታ ገርሟት «ያለ እንቁላል እንዴት እንዲህ ለሰለሰ?» አለችኝ።

«ሌሲቲን አድርጌበት ነው» አልኩ ኮራ ብዬ።

ስልኳን አውጥታ ስትፈልግ ቆየችና ጮክ ብላ «ከእንቁላል አስኳል ይገኛል ይላል እኮ!» አለች።

 አማትየዋ ሁለተኛው ጉርሻ አፋቸው ውስጥ እንዳለ፣ መዋጡንም መትፋቱንም ትተው ጉንጫቸውን ነፍተው አፈጠጡብኝ። 

«አስኳል ውስጥም አለ፤ እውነት ነው። ይሄኛው ግን የአኩሪ አተር ነው» አልኩና ለእህቴ ላሳያት የያዝኩትን እሽግ ከቦርሳዬ አውጥቼ ለነርሷ ሰጠኋት። አገላብጣ አነበበችው።

«ልክ ናት፤ የአኩሪ አተር ይላል።»

የንስሐ አባታቸው ከወንበራቸው ቀና አሉ። «አኩሪ አተር ጥራጥሬ አይደል እንዴ?»

«ነው አባ።»

«ታዲያ ሽሮውስ ከምን የመጣ ነው? ይዋጡት እንጂ እሜቴ!»

አማትየዋ ዋጡት። ሳቁ ቤቱን ሞላው፤ እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም። «ጾሙስ ይሁን። የፋብሪካ ነገር ሰው አይጎዳም?» ብለው ወደ ነርሷ ዞሩ።

«ምግብ ውስጥ በሚገባው መጠን አይጎዳም እናቴ። አኩሪ አተር አለርጂ የሚሆንበት ሰው ግን ይጠንቀቅ» አለችና ወደ እንግዶቹ ዞራ «ከመካከላችን አኩሪ አተር የማይስማማው አለ?» ብላ ጠየቀች።

ከጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «እኔን ባቄላ ይነፋኛል።»

«እሱ ሌላ ነው አባቴ፤ ይብሉ!» አለቻቸው። ሁለት ቁራጭ በሉ።

ወደ ሞላሌ ስመለስ አማትየዋ መኪናው ድረስ ሸኙኝና ለፍልሰታ የሚሆን ኬክ አዘዙኝ። ያኔ ፍልሰታ ሊገባ ገና ወራት ይቀሩት ነበር። ዛሬ በጾም ወቅት ከዳቦዬ እኩል ኬኬ ይሸጣል። ካርቶኑ ላይ «አኩሪ አተር አለበት» ብዬ በትልቁ እጽፋለሁ፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ በአፌ እነግረዋለሁ። አንዳንዱ «አኩሪ አተር ምንድን ነው?» ይለኛል፤ ሌላ ገበያተኛ ከሌለ ቁጭ ብዬ አስረዳዋለሁ።