የቢጫው ቡድን ባለቤት

ባለፈው ሐሙስ አራዳ፣ ጫማ ጠጋኙ ዘንድ ቆሜ ነበር። የደረቀ የቦት ጫማ ቆዳ ለማለስለስ ብሎ ሞራ በጨርቅ ይዞ ያሻል። ሽታው ሲደርሰኝ፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ ደጃፉ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። «ምነው አባት፣ አመመዎት?» አለኝ። «ኧረ ደህና ነኝ» አልኩት። ደህና ግን አልነበርኩም። ያ ሽታ የኳሳችን ሽታ ነው።

ኳሳችን ስልህ የምሬን ነው፣ የሁላችን ነበረች። ጣልያን ከወጣ በኋላ አራዳ ያሉ ጥቂት ሰዎች ተሰባስበው የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ። የነገሩ ጠንሳሽ ልብስ ሰፊው አባቴ ነው። ከአቡጀዲ አሥራ አንድ ሸሚዝ ቆርጦ ሰፋ፣ በርሜል ውስጥ ቢጫ ቀለም በጥብጦ ነከረው። ቀለሙ ግን አልያዝ አለ፤ ዝናብ የዘነበ ቀን ተጫዋቾቹ አንገታቸው ድረስ ቢጫ ሆነው ይወጡና አገር ይስቅባቸዋል። አባቴ ከሁሉ በላይ ይስቅ ነበር።

ኳሷ ደግሞ እንደ ማኅበር ጽዋ ከቤት ቤት በተራ ትዞራለች። የሳምንቱ ተራ የደረሰው ተቀብሎ ይወስዳታል፣ እንዳትደርቅ ሞራ ይቀባታል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቅፎ ሜዳ ያመጣታል። ያን ሳምንት ሰውየው እንዴት ይኮራ መሰለህ! ጠላ ሻጯ ጎረቤታችን ተራዋ ሲሆን ኳሷን ነጠላ አልብሳ መደብ ላይ ታስተኛትና ጠጪ ሲንጫጫባት «ኧረ ቀስ በሉ፣ ሕፃን አስተኝቻለሁ!» ትላለች። ባለቤቱ ማነው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። ምን ተብሎ ይጠየቃል?

እኔ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የቡድኑ ጸሐፊ ነበርኩ። ትምህርት ቤት የዋልኩ፣ ጽሕፈቴ ያማረ፣ በዚያም የምንጠባረር ጎረምሳ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ማዘጋጃ ቤት መልእክት ላከብን፦ ለዋንጫ የሚጫወት ቡድን ሁሉ የባለቤቱን ስም በጽሑፍ ሰኞ ጠዋት ያቅርብ ተባለ። እሑድ ከጨዋታ በኋላ አባቴ ሱቅ ተሰበሰብን። የጀምበሯ ብርሃን በመስኮት ገብቶ የስፌት ማኪናው ላይ አርፏል፤ ሱቁ የማኪና ዘይትና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ይሸታል። አንድ እህል ነጋዴም ጠርተን ነበር። ማክሰኝት ተወልዶ ከተማችን የከተመ፣ ሁለት የጭነት ማኪና ያለው ሰው ነው። ያን ዓመት አዲስ ኳስ ከአስመራ አስመጥቶልን ስለነበር ለአክብሮት ከሁሉ ከፍ አድርገን አስቀመጥነው።

«ባለቤት ማን ተብሎ ይጻፍ?» አልኩ፣ ብዕሬን ይዤ። ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ።

«ኧረ እኔ ምን ቆርጦኝ!» አለ አባቴ፣ እየሳቀ።

ይኼን ልብ በልልኝ። በእኛ ዘመን ጨዋ ሰው ክብር ሲሰጠው በአንድ ቃል አይቀበልም። አንዴ እንቢ ይላል፣ ሁለተኛም እንቢ ይላል፤ ሦስተኛ ሲለመን «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። ለማዕድም፣ ለወንበርም፣ ለሹመትም ወጉ ይኸው ነው።

«በሞቴ፣ አያ፣ ካንተ ሌላ ማን አለን?» አለው ግብ ጠባቂያችን።

«አይሆንም፤ ከእኔ የሚበልጥ እዚህ ተቀምጦ የለም ወይ?» አለና አባቴ እጁን ወደ እንግዳው ዘረጋ። ለትሕትና ነው የዘረጋው። ከዚያ ወደ እኔ አየ። ሦስተኛውን የምለምነው እኔ ነበርኩ፤ ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኛ።

ነጋዴው ግን «እሺ፣ እንዲህ ካከበራችሁኝ» አለ። በአንድ ቃል!

እንግዳን «ላንተ አላልንህም» ብሎ ማን ይናገር? ይሉኝታ የሁላችንንም አፍ ያዘው። አንድ ነገር ብቻ ማለት ይቻል ነበር፤ ወደ አባቴ ዞሬ «እለምንሃለሁ፣ አባባ» ብል ኖሮ ነገሩ በሣቅ ያልፍ ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? ጓደኞቼ ሲኒማ ልንገባ ደጅ ቆመው ያፏጩልኛል። ቶሎ ልገላገል ብዬ የነጋዴውን ስም ጻፍኩ። አባቴ ብዕሬን ከዳር እስከ ዳር ሲከተል አየሁት። «ሸጋ ጽሕፈት ነው» አለኝ። ከዚያ ወደ ማኪናው ዞሮ መስፋት ጀመረ። በሰንበት ክር በመርፌ የማያስገባ ሰው፣ እሑድ ከሰዓት መስፋት ጀመረ።

ነጋዴው ክፉ አልነበረም፤ ነፍስ ይማር። ያንተ ነው አልነው፣ የእኔ ነው አለ፣ አለቀ። ኳሷ ከቤት ቤት መዞሯ ቀረ፤ መጋዘን ውስጥ ከጤፍ ጆንያ ጋር ተቆለፈባት። ሸሚዙ እንደ ጭነት ማኪናዎቹ ቀይ ሆነ፤ ዝናብ የማያስለቅቀው፣ ካስመራ የመጣ። ቡድኑም ማሸነፍ ጀመረ። «ደግ አደረገ፣ ሰው አደረጋቸው» ያሉ ብዙ ናቸው። አልዋሽህም፣ እኔም አጨብጭቤአለሁ። ጠላ ሻጯ ግን ቢጫ ሻሿን እንዳሰረች ትመጣና ቀዩ ቡድን ጎል ባገባ ቁጥር ታለቅሳለች።

«ምነው እትዬ፣ አገባን እኮ!» አልኳት አንድ ቀን።

«እናንተ አገባችሁ» አለችኝ። «እኔማ የማን ደጋፊ እንደሆንኩ ጠፍቶኛል።»

አባቴ ሜዳ መሄድ ተወ። እሑድ እሑድ ሱቁ ደጃፍ ላይ ይቀመጥና ከሜዳ የሚመጣውን ጩኸት ያዳምጣል። ከጩኸቱ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደሳተ ያውቅ ነበር። ጨዋታው አልቆ ስመለስ «ደህና ተጫወታችሁ?» ይለኛል እንጂ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ምነው በወቀሰኝ፣ ምነው በሰደበኝ! ዝምታው አንጀቴን በላው።

ከአራት ዓመት በኋላ ነጋዴው ጉዳይ ኖሮት ቡድኑን ለአንድ ሹም እጅ መንሻ ሰጠው። ሰጋር በቅሎ እንደሚሰጥ! ተጫዋቾቹ እንኳ የሰሙት አረንጓዴ ሸሚዝ ሲታደላቸው ነው። ስሙም ተለወጠ። በሁለተኛው ዓመት ሹሙ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ሲዛወር ደህና ደህናዎቹን ሥራ እሰጣችኋለሁ ብሎ ይዟቸው ሄደ፤ የቀሩት ተበተኑ። ቡድናችን እንዲህ ሆኖ ሞተ፤ ለቅሶ የደረሰውም የለም።

አሁን የልጅ ልጄ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ «አያቴ፣ ክለባችንን ለሌላ ባለሀብት ሸጡት እኮ!» እያለ ይንገበገባል። ክለባችን የሚለው ባሕር ማዶ ያለ፣ በዓይኑ አይቶት የማያውቀው ነው። ቤተ ሰቡ ይስቅበታል። እኔ አልስቅም፤ ና እስቲ አጠገቤ ተቀመጥ እለዋለሁ።

ሹሙ በሄደ በዓመቱ አባቴ አልጋ ያዘ። ዓይኑ ደክሟል፣ ጣቶቹ መቀስ መያዝ አቅቷቸዋል። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ ከሜዳው በኩል ጩኸት መጣ። የተማሪ ቤት ልጆች የጨርቅ ኳስ እየጠለዙ ነው። አባቴ ቀና ብሎ «ማን አገባ?» አለኝ።

«ቢጫው» አልኩት። ምን ልበለው?

ፊቱ በራ። ያኔ ነው ያን ሁሉ ዓመት ልቤ ላይ የተቀመጠው ነገር የገነፈለው። ከኪሴ ወረቀትና ብዕር አወጣሁና «አባባ፣ ማዘጋጃ ቤት የባለቤቱን ስም እንደ አዲስ አስመዝግቡ ብሏል። ስምህን ልጻፍ?» አልኩት። ዋሸሁት። ማዘጋጃ ቤቱ ምንም አላለም፤ የሚመዘገብም ቡድን አልነበረም።

«ኧረ እኔ ምን ቆርጦኝ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«በሞቴ፣ ካንተ ሌላ ማን አለን?»

«አይሆንም። ከእኔ የሚበልጥ ሞልቷል።»

ከዚያ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ሱቁ ውስጥ፣ ደጅ ሲያፏጩልኝ፣ ያላየሁ መስዬ ያለፍኩት አስተያየት ነው።

«እለምንሃለሁ፣ አባባ» አልኩት። እንባዬ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ።

«እንግዲህ ካላችሁ» አለና አንገቱን ደፋ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ጻፍኩት። ስሙን ከነአባቱ፣ በቻልኩት መጠን አሳምሬ ጻፍኩት። ወረቀቱን ተቀብሎ በጣቱ ዳሰሰውና ደረቱ ላይ አኖረው። ትንሽ ቆይቶ «ኳሷ የዚህ ሳምንት የማን ተራ ናት?» ሲል ጠየቀኝ።

«ያንተ ናት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድ ሞራ አምጣልኝ እንጂ፣ ለእሑድ ደርቃ እንዳትገኝ።»

ሥጋ ቤት ሮጬ ሞራ ገዝቼ መጣሁና ራስጌው አኖርኩለት። ሽታውን ሲስብ እንደ ድሮው ፈገግ አለ። በየጊዜው እጁን ይሰድና መኖሩን ይዳስሳል። እሑድን ግን አላየም፤ ዓርብ ጠዋት አረፈ። ገናዦቹ ሲመጡ ሞራውን ከራስጌው ያነሳሁት እኔ ነኝ።