የስቅለት ጭብጦ

ልጅን መመገብ ደስታ ነው የሚሉ ወላጆች ልጆቻቸው በራሳቸው የሚርባቸው ናቸው። የእኔዋ ራበኝ ብላ አታውቅም። መራቧን የምናውቀው ግንባሯን ላብ ሲያጠምቀውና ዓይኗ ሲንከራተት ነበር። ጎንደር ወስደን ያሳየናት ሐኪም ጉበቷ ያከማቸውን ስኳር መልሶ ለደሟ እንደማይለቅ ነገረን። መድኃኒቱ ምግብ ብቻ ነበር፤ በየሦስት ሰዓቱ፣ እስክታድግ ድረስ።

ደብረ ታቦር ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚገኘው የጉና ገብስ ስለሆነ በሶ እያሸን የእንቁላል ያህል ጭብጦ እንሰጣታለን። ላብ ላብ ሲላት ደግሞ ስኳር በውሃ። ስኳር ያለው ቀበሌ ሱቅ፣ ከራሽን በላይ የሚፈቅደው ደግሞ የቀበሌው ሊቀ መንበር ነውና ስለ ጉበቷ ላስረዳው ሄድኩ።

«አከማችቶ የማያወጣ ጉበት!» አለ፣ ቢሮው ውስጥ ወዳሉት ዞሮ። «ጓድ መምህር፣ ይሄማ አሻጥረኛ ነጋዴ ነው። ምን ይጠበቃል? አብዮታዊ እርምጃ ነዋ!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ስኳሩን የምፈልገው እኔ ነኝ።

ሰባት ዓመት ሲሞላት የጾም ነገር መጣ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ለመንግሥት ሠራተኛው ስለ ቁስ አካል ቀዳሚነት የማስተምር ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ለሚስቴ ስል የንስሐ አባታችንን ጠየቅሁ። ሽማግሌው ብዙም አላሰቡበት። «ልጄ፣ ለእሷ መብላቱ ነው ጾሟ» አሉ። ከሊቀ መንበሩም ከእኔም የተሻለ አስተዋይ መሆናቸውን ሳልወድ አመንኩ።

ሐኪሙ ያውቃል፣ ቄሱ ያውቃሉ፣ ቀበሌው ያውቃል። ለልጅቷ ግን ያስረዳት ሰው አልነበረም።

ስቅለት ዕለት ሚስቴ ለስግደት ሄደች፤ እኔ ለጭብጦው ቀረሁ። የጎረቤት ልጆች አጥራችን ሥር ተሰብስበው ማን እስከ ማታ እህል ሳይቀምስ እንደሚያከፍል ይፎካከራሉ።

«አይጧስ?» አለች አንዷ፣ ልጄን ማለቷ ነው። «አይጧ ዛሬም ታላምጣለች!»

«ጌታ ተሰቅሎ እሷ በሶ!»

ልጄ ጭብጦውን ተቀብላ ወደ ጓሮ ሄደች። አልተከተልኳትም። በእኛ አገር የሚበላ ሰው አፍ አይታይም፤ ይጋረድለታል እንጂ። በቡዳ አላምንም፣ ግን የሚበላ ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው ተብዬ አድጌያለሁ፤ ያውም በጾም ቀን፣ ያውም ያፈረች ልጅ። ጨዋ አባት በመሆኔ ረክቼ መጽሐፌን ገለጥኩ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ሰጠኋት፤ እሱንም ይዛ ሄደች።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የጎረቤት ውሻ ከጓሮ ከንፈሩን እየላሰ ወጣ። አፍንጫው ላይ በሶ አለ።

ሮጬ ስሄድ ከጓሮው ግድግዳ ሥር ተኝታ አገኘኋት፤ እንደ ውርጭ ቀዝቅዛ፣ ቀሚሷ በላብ ርሶ። ስኳሩን በጥብጬ በጣቴ ጉንጯ ውስጥ ቀባሁ፣ ደግሜ ቀባሁ። ስሟን ስንት ጊዜ እንደጠራሁ አላውቅም። ቆይታ ዓይኗን ገለጠች።

«አባባ፣ ገደፍኩ?»

«የለም። ጠበል ነው የቀመስሽው።»

ከንፈሯን ላሰች። «ጠበል ይጣፍጣል እንዴ?»

«የስቅለት ይጣፍጣል» አልኩ። ለዓመታት በቄስና በካድሬ ውሸት ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ ጭብጦ ሳቀርብላት ፊቷን አዞረች። «ጠበሉን ብቻ ስጠኝ። ሌሎቹ እስካሁን አልበሉም።» ብለምን፣ ብቆጣ አፏን ገጠመች። ስኳሩ ብዙ እንደማያቆያት አውቃለሁ፤ ላቡ እንደገና ጀምሯል።

«ጠበል አይደለም» አልኳት። «ስኳር ነው። ከገደፍሽ ቆይተሻል።»

ልጆቹ ወዳሉበት ወደ አጥሩ ለረጅም ጊዜ አየች። አላለቀሰችም። ከዚያ እጇን ዘረጋች፤ ጭብጦውን ተቀብላ እዚያው ፊቴ በላችው፣ ሌላም ጠየቀች።